የ1960ዎቹን ግራንድ ቱሪንግ መኪና በ«አውቶሜሽን» ጨዋታ እንዴት እንደምንነድፍ

«ግራንድ ቱሪንግ» ወይም በአጭሩ «ጂቲ» የሚባለው የመኪና ዓይነት ሁለት ሰዎችን ከነሻንጣቸው ይዞ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በፍጥነት እንዲጓዝ፣ ነጂውንም ሳያደክም እንዲያደርስ ታስቦ የሚሠራ ነው። ካምሻፍት ሶፍትዌር ያዘጋጀው «አውቶሜሽን» የተሰኘው የኮምፒውተር ጨዋታ ከ1946 እስከ 2020 ካሉት ዓመታት የወደድነውን መርጠን ሞተሩን ከፒስቶኑ፣ መኪናውን ከሻንሲው ጀምረን እንድንነድፍ ያስችለናል። ጀማሪዎች በዚህ ጨዋታ ጂቲ ሲሠሩ ዓይናቸው የፈረስ ጉልበቱ ቁጥር ላይ ስለሚተከል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣላቸው ለአንድ ዙር የውድድር ሜዳ እንጂ ለረጅም መንገድ የማይሆን መኪና ነው። ይህ ጽሑፍ በተቃራኒው ከመንገዱ ይነሳል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጨዋታው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መንገዱንና ዓመቱን መወሰን

ጨዋታውን ከመክፈታችን በፊት መኪናው የት እንደሚሄድ በወረቀት ላይ እንጻፍ። ጎንደር ለምንኖር ሰዎች ምሳሌው ከደጃችን ይጀምራል፤ ከፒያሳ ተነስቶ በአዘዞ፣ በአዲስ ዘመንና በባሕር ዳር አድርጎ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ አዲስ አበባ የሚገባው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መንገድ አንድ ጂቲ የሚጠየቀውን ሁሉ ይጠይቃል። የፎገራ ሜዳ ቀጥ ያለ መንገድ በከፍተኛ ማርሽ ጸጥ ብሎ መሄድን ይፈልጋል፤ ከጎሃ ጽዮን በፊት ያለው አቀበት በዝቅተኛ ዙር የሚጎትት ሞተር ይፈልጋል። በሰሜን በኩል ደግሞ ከደባርቅ በኋላ የሚወርደው ሊማሊሞ ፍሬንን ይፈትናል። እነዚህ መንገዶች በጨዋታው ውስጥ ባይኖሩም፣ እያንዳንዱን ምርጫ «ይህ እዚያ ላይ ያዋጣል ወይ?» ብሎ መመዘን ንድፉን አንድ ሐሳብ ያለው ያደርገዋል።

ለዓመቱ 1962ን እመክራለሁ። የዲስክ ፍሬንና ራዲያል ጎማ በዚያን ጊዜ የታወቁ ሲሆኑ፣ በኋላ የሞተሮችን ጉልበት የቀነሰው የጭስ ቁጥጥር ሕግ ገና አልመጣም። ጃጓር ኢ-ታይፕ የወጣው በ1961፣ አስቶን ማርቲን ዲቢ5 ደግሞ በ1963 በመሆኑ ለማመሳከሪያ የሚሆኑን መኪኖችም በዙሪያው ይገኛሉ። ከነዚህ ሁሉ በፊት ግን በ1951 የወጣውን ላንቺያ አውሬሊያ ቢ20 ጂቲን ማጥናት ይጠቅማል፤ ሁለት ሊትር ሞተሩ 75 የፈረስ ጉልበት ገደማ ብቻ እያለው በዚያው ዓመት በሚሌ ሚሊያ ውድድር በአጠቃላይ ሁለተኛ ወጥቷል። ቀላል አካልና የተመጣጠነ ክብደት ምን ያህል እንደሚያስኬድ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

አካሉና ሻንሲው

ጨዋታው አካሎችን የሚዘረዝረው በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ባለው ርቀት ነው። ከ2.4 እስከ 2.6 ሜትር ያለውን እንምረጥ፤ የኢ-ታይፑ 2.44፣ የዲቢ5ቱ 2.49 ሜትር ነበር። ከዚህ ያጠረ ከሆነ የሻንጣ ቦታና ምቾት ይጠፋል፤ ከረዘመም ክብደቱ ይጨምራል።

ለሻንሲው አካልና ሻንሲ አንድ ላይ የሚሆኑበትን ሞኖኮክ መምረጥ ለ1962 ጥሩ መካከለኛ መንገድ ነው። መሰላል መሰል ሻንሲ ርካሽ ቢሆንም ከባድ ነው። በቱቦዎች የሚገጣጠመው ስፔስ ፍሬም ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ለማምረት ብዙ ሰዓት ይወስዳል፣ የውስጥ ቦታም ይሻማል። የ1954ቱ መርሴዲስ 300 ኤስኤል በሮች ወደ ላይ የሚከፈቱት የቱቦው ሻንሲ በጎን ከፍ ብሎ ስላለፈ ለተለመደ በር ቦታ ስላልቀረ ነው። ለውጪው ላሜራ ብረት ይበቃል። አሉሚኒየም የሚመረጠው ገዢው ብዙ ገንዘብ የሚከፍል ከሆነ ብቻ ነው።

ሞተሩን ከፊት በቁመት አስቀምጠን ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማ እንልካለን። የፊት እገዳው (ሳስፔንሽን፣ ማለትም ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ክፍል) ድርብ ክንድ ይሁን። ከኋላ ባሌስትራ መግጠም ዋጋ ይቀንሳል፣ ለጂቲ ግን አይመጥንም፤ በሞላ የሚደገፍ ድፍን አክሰል ወይም እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው የሚንቀሳቀስበት እገዳ ይሻላል። ዲቢ5 የመጀመሪያውን፣ ኢ-ታይፕ ሁለተኛውን መርጠው ሁለቱም ተከብረዋል።

ሞተሩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ክፍል ይህ ነው። በጨዋታው የሞተር «ቤተሰብ» ብሎኩን፣ የቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክፍል) ዓይነትና የሲሊንደሩን የመጨረሻ ልክ ይወስናል፤ በሥሩ ያለው «ዝርያ» ደግሞ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ)፣ ካርቡራቶሩንና ጭስ ማውጫውን። ስለዚህ ቤተሰቡን ስንፈጥር ለወደፊት ማሳደጊያ የሚሆን ቦታ እንተውለት።

ለዚህ መኪና በአንድ መስመር የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮችን እመርጣለሁ። የፒስቶኖቹ እንቅስቃሴ እርስ በርሱ ስለሚሰራረዝ ይህ ሞተር ተጨማሪ ማመጣጠኛ ሳያስፈልገው በተፈጥሮው አይንቀጠቀጥም፣ የጨዋታው የልስላሴ ነጥብም ይህንን ያሳያል። የሲሊንደሩን ስፋት 83፣ የፒስቶኑን ጉዞ 92 ሚሊ ሜትር ብናደርግ የአንዱ ሲሊንደር ይዘት 498 ሲሲ ገደማ፣ የስድስቱ ድምር ደግሞ 2,987 ሲሲ ይሆናል። ይህ ሦስት ሊትር የሚባለው ልክ ነው። በ5,500 ዙር በደቂቃ ፒስቶኑ በእያንዳንዱ ዙር 184 ሚሊ ሜትር ስለሚመላለስ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 16.9 ሜትር ነው። የጃጓር 106 ሚሊ ሜትር ጉዞ በዚያው ዙር 19.4 ሜትር ያደርሳል፤ ስለዚህ የእኛ ሞተር በቂ ዕረፍት አለው። ፌራሪ 250 በሌላ አቅጣጫ ሄዶ 2,953 ሲሲውን 73 ሚሊ ሜትር ስፋትና 58.8 ሚሊ ሜትር ጉዞ ባላቸው 12 ሲሊንደሮች አከፋፍሎታል። ያ ከፍተኛ ዙርን በጣም ይወዳል፤ በጨዋታው ግን የማምረቻ ወጪውንና የምህንድስና ጊዜውን ስናይ ለመጀመሪያ ሥራ አይመከርም።

ብሎኩ ከብረት ቢሆን፣ ቴስታታው ከአሉሚኒየም ቢሆን ክብደትና ዋጋ ይታረቃሉ። የካምሻፍቱን መቆጣጠሪያ ከመሃል ትንሽ ዝቅ አድርገን እንጀምር። ከፍ ባደረግነው ቁጥር የፈረስ ጉልበቱ ይጨምራል፣ ነገር ግን የቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል) መስመሩ ወደ ቀኝ ሸሽቶ ከ3,000 ዙር በታች ያለውን አቅም ያራቁተዋል፤ አቀበት ላይ ከጭነት መኪና ኋላ ወጥቶ ለመቅደም የሚያስፈልገው ደግሞ በትክክል ያ አቅም ነው። የቶርኩ ጫፍ ከ3,000 እስከ 3,500 ዙር መካከል እንዲያርፍ እናስተካክል። የመጭመቂያ ሬሾውን ከ8.5 ወደ 9 እያስጠጋን ጨዋታው የሚያሳየውን የኦክቴን ፍላጎት እንከታተል፤ የመረጥነው ነዳጅ ከሚችለው ካለፈ ሞተሩ ያንኳኳል። ለካርቡራቶሩ ሁለት ወይም ሦስት ባለ ሁለት ጉሮሮ ይበቃሉ። የዙሩን ገደብ ስንወስን ደግሞ ጨዋታው በኮሎ (ክራንክሻፍት)፣ በቢየላ (ፒስቶኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) እና በፒስቶን ላይ የሚያሳየውን ጫና አይተን፣ ክፍሎቹ ከሚችሉት ጥቂት መቶ ዙር ዝቅ እናድርገው። በዚህ መንገድ 150 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ካገኘን በቂ ነው። ጭስ ማውጫው ላይ ሁለት ማርሚታ ይኑር፤ ጥቂት ጉልበት ይወስዳል፣ ድምፁ ግን ለሰዓታት የሚደመጥ መሆኑን አንርሳ።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ትገኛለች፣ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። መኪናውን ለእኛ ደጋ ብለን የምናስብ ከሆነ ይህንን የምናካክሰው ዙር በመጨመር ሳይሆን የሲሲውን መጠን በማሳደግ ነው፤ የሲሊንደሩን ስፋት ወደ 87 ብናሳድገው 3,281 ሲሲ ገደማ እናገኛለን። ቤተሰቡን ስንፈጥር ቦታ እንተው ያልኩት ለዚህ ነው።

ካምቢዮው

አራት ማርሽ የዘመኑ የተለመደ ልክ ነበር፤ አምስተኛ ማርሽ መጨመር ዋጋ ቢያስከፍልም ለጂቲ ይገባዋል። ስሌቱን በወረቀት እንየው። የጎማው ዙሪያ 2.05 ሜትር ቢሆን መኪናው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጎማው በደቂቃ 1,626 ጊዜ ይዞራል። አራተኛው ማርሽ ቀጥታ ከሆነና ሞተሩ ያን ጊዜ 5,500 ዙር ላይ እንዲሆን ከፈለግን የዲፍረንሻሉ ሬሾ 3.38 መሆን አለበት። በዚሁ ሬሾ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ስንጓዝ ሞተሩ 3,300 ዙር ገደማ ይዞራል። 0.85 የሆነ አምስተኛ ማርሽ ካለ ይህ ወደ 2,800 ይወርዳል፣ በነዳጅም በጆሮም ላይ ልዩነቱ ይታወቃል። ስለዚህ መኪናው የመጨረሻ ፍጥነቱን በአራተኛ ማርሽ እንዲደርስ፣ አምስተኛው ለመንገድ ብቻ እንዲቆይ እናድርግ።

ጎማና ፍሬን

ሚሽላን የመጀመሪያውን ራዲያል ጎማ ለገበያ ያቀረበው በ1949 ስለሆነ በ1962 መኪና ላይ ራዲያል ማድረግ ከታሪኩ አያጣላም፣ የመንገድ አያያዙንም ያሻሽላል። ስፋቱን ግን ልክ እናብጅለት፤ ሰፊ ጎማ የዘመኑን መልክ ያበላሻል፣ መሪውንም ያከብዳል።

ፍሬን ላይ ጠንቃቃ እንሁን። ከነሰዎቹና ከነሻንጣው 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሲቆም ፍሬኑ 0.83 ሜጋ ጁል ገደማ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ሊማሊሞን የመሰለ ቁልቁለት ይዞ 1,000 ሜትር ሲወርድ ግን የሚለቀቀው ጉልበት 14.7 ሜጋ ጁል ነው፤ ይህ ከ120 ኪሎ ሜትር ከ17 ጊዜ በላይ ደጋግሞ እንደ መቆም ማለት ነው። ከፊሉን የሞተሩ መያዝና አየሩ ቢወስዱትም የቀረው ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ታምቡር ሙቀቱን በውስጡ ስለሚያፍን ቶሎ ይደክማል፤ ስለዚህ ከፊት ዲስክ የግድ ነው፣ ከኋላ ታምቡር ቢቀር ግን ይቻላል። ጨዋታው የፍሬን መድከምን በመቶኛ ስለሚያሳይ፣ በጭነት ጊዜ ያለው ቁጥር ዜሮ እስኪጠጋ ድረስ የዲስኩን ስፋትና የሸራውን ዓይነት እናስተካክል። ፍሬኑ በኃይል ሲረገጥ የፊት ጎማ ከኋላው ቀድሞ እንዲቆለፍ ማድረግም አለብን፤ የኋላው ከቀደመ መኪናው ይሽከረከራል።

የውስጥ ክፍልና እገዳ ማስተካከያ

ከፊት ሁለት ጥሩ ወንበር፣ ከኋላ ለሕፃናት ወይም ለዕቃ የሚሆን ሁለት ጠባብ ቦታ ይበቃል። የውስጡን ደረጃ ከፍ እናድርግ፣ ሬዲዮም ይግባ። የጥራት መቆጣጠሪያውን በሁሉም ቦታ ወደ ላይ መግፋት ግን ወጪውንና የምህንድስና ጊዜውን ያባክናል፤ ለውስጥ ክፍልና ለካምቢዮ ጥቂት ነጥብ ሰጥቶ ሌላውን ባለበት መተው ይሻላል።

የሞላዎቹን ጥንካሬ በምናስተካክልበት ጊዜ የፊቱ የተፈጥሮ ንዝረት 1.3 ኸርዝ አካባቢ፣ የኋላው ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ቢሆን ምቾትና መረጋጋት አብረው ይገኛሉ። በጨዋታው ግራፍ ላይ መኪናው በከፍተኛ ፍጥነት ሲታጠፍ የፊቱ ቀድሞ መንሸራተት እንዲጀምር እናድርግ። ይህንን በፊት ባለው የማመጣጠኛ ዘንግ ማጠንከር ይቻላል።

መልኩ

ረጅም ኮፈን፣ ወደ ኋላ የተገፋ ጣሪያ፣ አጭር ጅራት የዘመኑ መለያ ናቸው። ማጌጫ ከማብዛት ይልቅ አንድ መስመር ከፊት መብራት እስከ ኋላ መብራት ሳይቆራረጥ እንዲሄድ ማድረግ ይበልጣል። የጎንደር ፒያሳን በ1930ዎቹ የተሠሩ ሕንፃዎች ያየ ሰው ጥግ ላይ የሚታጠፈው ግድግዳ ሳይሰበር እንዴት እንደሚዞር ያውቃል፤ የመኪናውን ፓራፋንጎ ስንቀርጽ ያንን ዓይነት ንጹሕ ዙር ማሰብ ይረዳል።

መሞከር

ከየምዕራፉ በኋላ ሥራችንን እናስቀምጥ፤ መብራት በድንገት በሚሄድበት ከተማ ይህ ግዴታ ነው። መኪናው ሲያልቅ የጨዋታውን ነጥቦች፣ በተለይ ምቾትን፣ ስፖርታዊነትንና ለመንዳት ቀላልነትን በወረቀት ላይ እንመዝግብና አንድ ነገር ብቻ እየለወጥን እናወዳድር። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከተለወጠ የትኛው እንደጠቀመ አይታወቅም። «ቢምኤንጂ ድራይቭ» የተባለው የመንዳት ጨዋታ ያለን ከሆነ ደግሞ መኪናውን ወደዚያ አስተላልፈን በተራራማ ካርታ ላይ ያለማቋረጥ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት እንንዳው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የማይታዩ ጉድለቶች፣ ማለትም የተቀራረቡ ማርሾች፣ የሚሰለች ድምፅ፣ የሚደክም ፍሬንና በኩርባ መካከል መሪውን ደጋግሞ ማረም የሚጠይቅ እገዳ፣ ያን ጊዜ ይወጣሉ፤ ወደ ንድፉ ተመልሰን በመጀመሪያ የምናርመው ፍሬኑን፣ ቀጥሎ ማርሹን፣ በመጨረሻ ሞላውን ነው።