ካሙን ማን በላው? የትልልቆቹ የአሜሪካ ሞተሮች ችግርና መፍትሄ

ባትሪው ሞልቷል ወይ፣ ቤንዚን ይደርሳል ወይ፣ ካንዴላው እሳት ይሰጣል ወይ የሚለውን እዚህ አልጽፍም። የክራይስለርን ሄሚ ወይም የሼቭሮሌን 454 ሞተር ገዝቶ ይህን ያላየ ሰው ቁልፉን ለሌላ ሰው ይስጥ። ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ የፊያትና የላንድሮቨር ሞተር እየፈታሁ ነው፤ አሁን የምሠራው ቨርጂኒያ፣ አሮጌ የአሜሪካ መኪኖች ላይ ነው። ዋናው ጉዳዬ ካሙ ነው፤ ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ። በላዩ ያለው እያንዳንዱ ጉብታ ሎብ ይባላል፤ ሎቡ ታፔቱን፣ ታፔቱ ፑሽሮዱን፣ ፑሽሮዱ ሮከሩን እየገፋ ቫልቩን ይከፍታል። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ።

እነዚህ ትልልቅ ሞተሮች ያኔም ብርቅ ነበሩ። በ1970 ፕሊማውዝ ኩዳ ላይ ሄሚ ለማስገጠም 871 ዶላር ይጨመር ነበር፤ በዚያ ዓመት ሄሚ ይዘው የወጡት ጣሪያቸው የማይታጠፍ 652፣ የሚታጠፍ ደግሞ 14 ብቻ ናቸው። ብሎኩ ሳይቀር አሉሚኒየም የሆነው የሼቭሮሌ ዜድኤል1 427 በ1969 የገባው በ69 ካማሮዎች ነው፤ የሞተሩ አማራጭ ብቻ ከ4,100 ዶላር በላይ ያስከፍል ነበር። ሱፐር ዲዩቲ 455 ሞተር የተገጠመላቸው የ1973 ፖንቲያክ ትራንስ አሞች 252 ናቸው። ብሎኩ ቢበላሽ ሶማሌ ተራ ወርዶ ሌላ ማምጣት የለም። ለዚህ ነው የማማርረው።

መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ የሚያልፉት

ክራይስለር ነው፤ ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ይነሳል፣ ቁልፉን ስትለቁት ወዲያው ቀጥ ይላል። ወደ ኮይሉ የሚሄደውን ኮረንቲ የሚቀንሰው ባላስት ሬዚስተር ተቃጥሏል። ርካሽ ነው፤ ቀይሩት፣ አንድ ትርፍም መሳቢያ ውስጥ አኑሩ።

ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ሼቭሮሌ ወይም ፖንቲያክ ነዳጅ ማደያ ቆሞ ከሞቀ በኋላ ሞተሪኖው አልዞር ይላል። የጭስ ማውጫው ሙቀት ሞተሪኖው ላይ ያለውን ማብሪያ፣ ሶሌኖይዱን፣ እየጠበሰው ነው። ሙቀት መከላከያ አድርጉለት ወይም ጊር ያለውን ትንሹን ሞተሪኖ ግጠሙ። በመዶሻ አትምቱት፤ እሱ መፍትሄ አይደለም፣ ልመና ነው።

ሄሚ ላይ የካንዴላው ጉድጓድ ዘይት ከሞላ፣ ካንዴላው በቫልቭ ክዳኑ መሃል ስለሚያልፍ የቱቦው ጎማ ደርቋል ማለት ነው። ጎማውን ለውጡ።

ሲክስ ፓክ 440 በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) የሚንገጫገጭና ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ፣ ከሦስቱ ካርቡሬተሮች የፊቱና የኋላው ጨርሰው አይዘጉም። መሃለኛውን አትንኩ፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ፖንቲያክ ከፈታችሁና ካሙን የሚያዞረው ጥርስ ናይሎን ለብሶ ካያችሁት አውጥታችሁ ጣሉት። የተሰበረው ናይሎን የዘይት መጥመጫውን ወንፊት ይዘጋል።

ቡይክ 455 ሲሞቅ የዘይት ግፊቱ ከወደቀ ቤሪንግ ከመጠርጠራችሁ በፊት የፊቱን የአሉሚኒየም ክዳን እዩ፤ የዘይት ፓምፑ ጊሮች የሚዞሩት እዚያው ክዳን ውስጥ ነው፣ እየፋቁት ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ዋናው

ምልክቱ እንዲህ ነው። ሞተሩ ከታደሰ ሳምንትም ዓመትም ሊሆነው ይችላል። እንደ ታይፕራይተር ጠቅ ጠቅ ይላል። ጉልበት ያንሰዋል። በካርቡሬተሩ በኩል ፑፍ እያለ ወደ ላይ ይተፋል። ባለቤቱ ሲመጣ የመጀመሪያ ቃሉ “ካርቡሬተሩን አስተካክልልኝ” ነው። አንድ ኤልኤስ6 የተባለው 454 ሞተር ያለው የ1970 ሼቬል ባለቤት ለሦስት ካርቡሬተር ሠሪ ከፍሎ ነው እኔ ጋ የደረሰው። ሦስቱም አጥበው፣ ጓርኒሲዮን ቀይረው፣ ገንዘባቸውን ተቀብለው መልሰውለታል። ካርቡሬተሩ ምንም አልነበረበትም፤ የሞተው የአንዱ ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ሎብ ነው። የጭሱ ቫልቭ ካልተከፈተ የተቃጠለው ጋዝ ሲሊንደሩ ውስጥ ታፍኖ ይቆይና የማስገቢያው ቫልቭ ሲከፈትለት በዚያ ይወጣል። የማስገቢያው ሎብ ሲሞት ደግሞ አይተፋም፤ ሲሊንደሩ ዝም ብሎ ይሰንፋል።

እኚሁ ሰውዬ ሌላም ነገር ነገሩኝ። ኤልኤስ6 ታፔቱ ሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት ክፍተቱን ራሱ የሚዘጋ፣ አይደለም፤ የቫልቭ ክፍተቱ በፊለር ጌጅ ይለካል፣ ሞተሩ ሙቅ እያለ ማስገቢያው 0.024፣ ማውጫው 0.028 ኢንች። “ሰባተኛው ሲሊንደር ላይ ያለውን በየወሩ አጠብበዋለሁ” አሉ፣ በኩራት። በየወሩ! ክፍተቱ ራሱን አያሰፋም። የሰፋው ብረት ስላለቀ ነው። አንዱ ቫልቭ ላይ ክፍተቱ ሁለት ጊዜ ከሰፋ፣ ሦስተኛ አታጥብቡት፤ ፍቱት።

ምክንያቱን ለመረዳት የታፔቱን እግር ማወቅ ያስፈልጋል። ሄሚ እስከ 1969 ባለ ክፍተት፣ በ1970 እና 71 ሃይድሮሊክ ነው፤ የቡይክ ስቴጅ 1 ሃይድሮሊክ ነው፤ ሁሉም ግን ሮለር የላቸውም፣ ታፔቱ በቀጥታ ሎቡ ላይ ይንሸራተታል። ጠፍጣፋ ታፔት ይባላል እንጂ እግሩ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ለዓይን የማይታይ እብጠት አለው። ሎቡም ወደ አንድ ጎን ትንሽ ተዳፍቶ ነው የተሞረደው። በዚህ ምክንያት ታፔቱ እየተነሳና እየወረደ በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ሸክሙን የሚያካፍለው ይህ ሽክርክሪት ነው። መሽከርከሩን ባቆመ ጊዜ አንዱ ቦታ ብቻ ይፋቃል። የሎቡ ጠንካራ ሽፋን ስስ ነው፤ እሱ ካለቀ ከሥር ያለው ለስላሳ ብረት በደቂቃዎች ይሄዳል።

የሚገድሉት ሦስት ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜም ተባብረው ነው።

አንደኛው ዘይት። ሎብና ታፔት በብረት ለብረት እንዳይገናኙ የሚያደርገው ዘይቱ ውስጥ ያለው የዚንክና የፎስፈረስ ውህድ ነው። ፎስፈረስ የጭስ ማጣሪያውን ካታሊስት ስለሚያበላሽ ፋብሪካዎች ቀስ በቀስ ቀነሱት፤ በ2004 የመጣው ኤስኤም የተባለው የሞተር ዘይት ደረጃ በቀጫጭኖቹ ዘይቶች ላይ ፎስፈረሱ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ከ800 እንዳይበልጥ ገደበው። ለዛሬ ቶዮታ ይበቃል። በጠንካራ ሞላ ለሚረገጥ የ1970 ካም አይበቃም። ለጥንታዊ መኪና ተብሎ የተሠራ፣ የዚንኩ መጠን ጣሳው ላይ የተጻፈበት ዘይት ግዙ። ጠርሙስ ሙሉ ማጠናከሪያ በላዩ የሚደፋም አለ፤ እሱም ሲበዛ ብረቱን ይበላል። “የከባድ መኪና ዘይት አይሆንም?” ለሚሉኝ፦ የድሮው ይሆን ነበር፣ እሱም ተቀንሷል።

ሁለተኛው ዕቃው ነው። እዚህ ላይ ደሜ ይፈላል። ታፔት በሳጥን ታሽጎ ይመጣል፣ ሳጥኑ ያምራል፣ ውስጡ ግን አንዱ እብጠት አለው አንዱ የለውም። ከመግጠማችሁ በፊት ሁለት ታፔቶችን እግር ለእግር አጋጥማችሁ ወደ ብርሃን ያዙ። በጠርዛቸው ቀጭን ብርሃን ከታየና ከተወዛወዙ ደህና ናቸው። ገጥ ብለው እንደ ሁለት ሳንቲም ከተጣበቁ አትግጠሙ፣ መልሱ፣ ብር ይመለስልን በሉ። አንድ ጊዜ ከአሥራ ስድስቱ አምስቱን መልሻለሁ። ታፔቱ በቦታው በጣት ሲሽከረከር ያለ ምንም መያዝ መዞር አለበት። ያገለገለ ታፔት አዲስ ካም ላይ አይገባም። ያገለገለ ካም ላይ የራሱ ታፔት ወደ ራሱ ሎብ ካልተመለሰ ያው ነው፤ ስትፈቱ ቁጥር ጻፉ። ቁጥር ጻፉ!

ሦስተኛው ሰው ነው። ሜሪላንድ የሚኖሩ አንድ ጋሼ አሉ፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ያዩትን ዓይነት ቻርጀር በስልሳ ዓመታቸው ገዙ፤ የ1969 አር/ቲ፣ 440 ማግነም። ሞተሩን ሌላ ቦታ አሳደሱት። ሞተሩ ሲደርስ የልጃቸው ምርቃት ነበር። እንግዳ ተሰብስቧል፣ ቡናው እየፈላ ነው፣ ኮፈኑን ከፍተው አዲሱን ሞተር አስነሱና በሚኒሞ ሩብ ሰዓት አቆሙት፣ ድምፁን ሰው እንዲሰማ። “እንዴት ደስ የሚል ድምፅ ነበረው መሰለህ!” አሉኝ። ጋሼ፣ ደስ የሚለው ድምፅ ካሙ ሲሞት ነበር። በሚኒሞ ክራንክሻፍቱ ወደ ሎቦቹ የሚረጨው ዘይት ትንሽ ነው፤ የሞላው ጫና ግን በሙሉ እዚያ ነው። አዲስ ካም የሚሞተው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ስንፈታው ከአሥራ ስድስቱ ሎብ አራቱ ክብ ሆነዋል።

እንዴት ታረጋግጣላችሁ

የቫልቭ ክዳኖቹን ክፈቱ፣ ሞተሩን በሚኒሞ አስነሱና ፑሽሮዶቹን እዩ። ሁሉም እየዞሩ መሆን አለባቸው። የማይዞረውን ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ሞተሩን አጥፉና በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ በሚለካው) እያንዳንዱ ፑሽሮድ ስንት እንደሚነሳ ለኩ፤ ማስገቢያን ከማስገቢያ፣ ማውጫን ከማውጫ አወዳድሩ። ከወንድሞቹ በ0.010 ኢንች ያነሰ ካለ ተበልቷል። የዘይት ፊልትሮውን ቁረጡ፣ ግን በመጋዝ አይደለም፤ መጋዝ የራሱን ብናኝ ይጨምርና ያሳስታችኋል። የፊልትሮ መቁረጫ አለ፣ ግዙት። ወረቀቱን ዘርግታችሁ ማግኔት አስጠጉ። የሚያብረቀርቅ አሸዋ ከተጣበቀ ሥራው ታወቀ።

መፍትሄው

“ካሙን ብቻ ቀይርልኝ” አትበሉኝ። አንድ ደንበኛዬ እንዲሁ ብሎ እምቢ ስለው ሌላ ጋ ሄዶ አስቀየረ፤ ሁለተኛው ካም ጥቂት መቶ ማይል ብቻ ሄደ። ያለቀው ብረት የትም አልሄደም፤ ዘይት ውስጥ ነው፣ ፓምፑ ውስጥ ነው፣ ቤሪንጉ ላይ ተቀርቅሯል። ሞተሩ ይወርዳል፣ ሙሉ በሙሉ ይፈታል፣ የዘይት ቀዳዳዎቹ መሰኪያ ወጥቶ በብሩሽ ይታጠባሉ፣ ቤሪንጎቹ ይለወጣሉ፣ ፓምፑ ይለወጣል።

አዲሱን ስትገጥሙ ሎቡንና የታፔቱን እግር ካሙ ይዞት በመጣው ጥቁር ቅባት በደንብ ቀቡት። የቫልቩ ሞላ ድርብ ከሆነ ለመጀመሪያው ማስነሻ የውስጠኛውን አውጡት። ዲስትሪቢዩተሩ ሳይገባ የዘይት ፓምፑን በድሪል አዙራችሁ ዘይቱ ሮከሮቹ ላይ እስኪወጣ ጠብቁ፤ ትልልቆቹ ክራይስለሮች ወደ ግራ ነው የሚዞሩት፣ ሼቭሮሌ ወደ ቀኝ፤ ተሳስታችሁ ግፊት የለም ብላችሁ አትደንግጡ። ቡይክ ከሆነ ፓምፑን መጀመሪያ በቫዝሊን ሙሉት፣ አለዚያ አይስብም።

ከዚያ ካርቡሬተሩ ቤንዚን ይሙላ፣ ታይሚንጉ ይስተካከል፣ ራዲያተሩ ውሃ ይያዝ። ይህን የምለው ሞተሩ በመጀመሪያው መነሳት ስላለበት ነው፤ ሞተሪኖውን አሥር ጊዜ ስታዞሩ ቅባቱን ከሎቡ ላይ ታጥባላችሁ። ተነሳ? ወዲያውኑ ወደ 2,000 ዙር፣ ሚኒሞ የለም። ከ2,000 እስከ 2,500 ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ። የሚያፈስ ነገር ካያችሁ አጥፉት፤ በሚኒሞ እያቆያችሁ አትጠግኑ። ሲያልቅ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሩ፣ የውስጡን ሞላ መልሱ።

ሮለር ካም ማስገባትም ይቻላል። ፑሽሮዱ ይለወጣል፣ የዲስትሪቢዩተሩ ጊርም ከካሙ ብረት ጋር የሚስማማ መሆን አለበት፤ ይህን የዘነጋ ሰው ጊሩ ተበልቶ ያልቅበታል። “ኦሪጅናልነቱ ይበላሻል” የሚሉ አሉ። ካም ውስጥ ነው ያለው፣ ማንም አያየውም። ቁጥሩ ከመኪናው ጋር የሚገጥመውን ብሎክ ማዳን ይሻላል ባይ ነኝ፤ አንዳንዱ ደንበኛ ግን አይሰማም፣ መብቱ ነው።

500 ማይል ላይ ዘይቱን ድገሙት፣ ፊልትሮውንም ቁረጡ። ጋሼ አሁን መቁረጫ ገዝተው ራሳቸው እየቆረጡ ፎቶውን በስልክ ይልኩልኛል። ባለፈው በላኩት ላይ ብረት የሚባል ነገር የለም፤ ቡና ግን ፈሶበታል።