የአንድን ብርቅዬ ሳላማንደር ዘርና አገር ከስሙና ከካርታው እንዴት ማንበብ ይቻላል?

መጀመሪያ «ይሄማ እንሽላሊት ነው» ማለትን ይተዉ። ፎቶውን ያሳየሁት ሰው ሁሉ እንደዚያ ይለኛል፤ አልፈርድበትም። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ሳላማንደር የለም፣ እኛም የአማርኛ ስም አላወጣንለትም። ፎቶውን አጉልተው ቆዳውን ይዩ። የእንሽላሊት ቆዳ ቅርፊት አለው። የሳላማንደር ግን ልሙጥና እርጥብ ነው፤ የቅርብ ዘመዱ እንቁራሪት ናት።

ለልምምድ አንዱን እንያዝ፦ ቦሊቶግሎሳ ጃክሶኒ። አገሩ ጓቲማላ፣ ጉም የማይለየው የኩቹማታኔስ ተራሮች ደን ነው። ወርቅ የመሰለ ቢጫ ሆኖ ጀርባው ላይ ጠቆር ያለ መስመር ወርዶበታል።

ቀጥሎ ስሙን ያንብቡ። እኛ የራስን ስም አስቀድመን የአባትን እናስከትላለን፤ ሳይንስ ግን ወገኑን፣ ማለትም የሚቀራረቡ ዝርያዎች የሚጋሩትን ስም፣ ያስቀድማል። ቦሊቶግሎሳ ወገኑ ነው፣ በግሪክኛ «እንጉዳይ ምላስ» እንደማለት። ጃክሶኒ የራሱ ስም ነው፤ ከፖል ኤሊያስ ጋር ሆኖ ላገኘው ለጄረሚ ጃክሰን መታሰቢያ የወጣ። ከኋላ «ኤሊያስ፣ 1984» የሚል ካዩ፣ ዝርያውን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ሰውና ዓመቱ (እ.ኤ.አ.) ነው። እነዚህ በቅንፍ ቢገቡ ኖሮ ዝርያው ድሮ በሌላ ወገን ተመድቦ ኋላ ተዛውሯል ማለት ነበር። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ብዙ ሰው ቅንፏን አይቶ ያልፋታል።

አሁን ብዙ ወገኖችን ወደሚያቅፈው ቤተሰብ፣ ወደ አስተኔው ይውጡ፦ ፕሌቶዶንቲዴ። እዚህ ጋ ቆም ይበሉ። የዚህ አስተኔ ሳላማንደሮች ሳንባ የላቸውም! የሚተነፍሱት በቆዳቸውና በአፋቸው ውስጥ ባለው ስስ ሽፋን ነው። ቆዳው ከደረቀ አየር አያስገባም። ጉሙ ለዚህ እንስሳ ትንፋሹ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሁለት ተራሮች በካርታ ላይ ጎን ለጎን ቢታዩም፣ በመሃላቸው ደረቅ ቆላ ካለ ለሱ ባሕር እንደማቋረጥ ነው።

ይህን ይዘው ካርታውን ይክፈቱ። ቀለም የተቀባውን ቦታ ሁሉ መኖሪያው አድርገው አይውሰዱ፤ ቀለሙ ብዙ ጊዜ ግምት ነው። እንስሳው የተገኘባቸውን ቦታዎች የሚያሳዩትን ነጥቦች ይፈልጉ፣ ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን ዓመቱንና ከፍታውን ይጻፉ። የኛው ሳላማንደር በ1975 (እ.ኤ.አ.) ሁለት ብቻ ተገኘ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። በጥቅምት 2017 (እ.ኤ.አ.) አንድ የጥብቅ ደን ጠባቂ ገና ያላደገ ግልገል አገኘ። 42 ዓመት ሙሉ ካርታው ላይ አዲስ ነጥብ አልነበረም፤ እንስሳው ግን ነበረ።

ስፋት ሲለኩ ሁለት ቁጥር አያምታቱ። አንደኛው የዳር ነጥቦቹን በመስመር ሲያገናኙ የሚታጠረው ቦታ ነው። ሌላው እንስሳው በርግጥ የተገኘባቸው፣ እያንዳንዳቸው 4 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆኑ ሳጥኖች ድምር ነው። ለመጥፋት የተጋለጡ ዝርያዎችን በሚመዘግበው ዓለም አቀፍ የቀይ መዝገብ መስፈርት የመጀመሪያው ከ100 ወይም ሁለተኛው ከ10 ካሬ ኪሎ ሜትር ማነሱ፣ መኖሪያው እየተመናመነ መሄዱና እጅግ የተበጣጠሰ ወይም አንድ ቦታ ብቻ መሆኑ ከተጨመረበት፣ እጅግ ለከፋ አደጋ ከተጋለጡት ጎራ ሊያስመድበው ይችላል።