የቤት ቢራን በጥንቅሽ፣ በቴምርና በማር ጋዝ ማስያዝ

ቤቱ ውስጥ ቢራ የሚጠምቅ ሰው ጠርሙስ ላይ ሲደርስ የሚጨምረው አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ስኳር ነው። ይሠራል፣ ምንም እንከን አይወጣለትም። ግን በመኸር ሰሞን ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ወርዶ የጥንቅሽ እስር እያየ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል። እኔ ማራኪ አካባቢ ቤቴ ውስጥ የምጠምቀው በገብስ ብቅል ነው፤ ለምሬቱ ጌሾ እጨምራለሁ። ጋዙን ደግሞ ከተለያየ ጣፋጭ ነገር ማውጣት በጣም እወዳለሁ። አሠራሬን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ። ቢራው ፈልቶ ካለቀ በኋላም ውስጡ እርሾ ይቀራል። ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ስኳር ካገኘ እንደገና ይነሳና አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሠራል። ቆርኪው ስለተመታ ጋዙ መውጫ ያጣል፤ ስለዚህ እዚያው ቢራው ውስጥ ይሟሟል። እርሾው ስኳሩ ከአገዳ ይምጣ ከቴምር ብዙ አይገደውም። የጋዙን መጠን የሚወስነው የስኳሩ ክብደት ነው። ስለዚህ «ትንሽ ማር ጣል አድርግበት» የሚባለውን ምክር ተዉት። ስኳሩ ሲያንስ ቢራው ሙት ይሆናል፣ ሲበዛ ጠርሙስ ይፈነዳል።

መጠኑ ስንት ነው? ለተለመደ ቢራ በሊትር 6 ግራም ገደማ ስኳር ይባላል። ጎንደር ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ፍላቱ ሲያልቅ ቢራው ውስጥ የሚቀር ጋዝ አለ፤ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ይኼ የሚቀረው ጋዝም ያንሳል። ለዚህ ብዬ ግማሽ ግራም እጨምራለሁ፤ በሊትር 6.5 ግራም። ለ10 ሊትር 65 ግራም ማለት ነው።

አሁን ዋናው ዘዴ። ምንጩ ምንም ይሁን፣ 65 ግራም ስኳር የያዘ 300 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ አዘጋጁ። በሃይድሮሜትር (የፈሳሽን ጥግግት ከውኃ ጋር እያነጻጸረ በሚለካ መሣሪያ፤ ንጹሕ ውኃ 1.000 ነው) ሲለካ 1.083 አካባቢ ያነባል። ከዚያ ከፋርማሲ በተገዛ አዲስ ሲሪንጅ ለእያንዳንዱ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር ስጡ። በቃ። ሁሉንም ሽሮፕ ወደዚህች አንድ ቁጥር ካመጣችሁ፣ ከአንድ ጥምቅ አራት ዓይነት ቢራ ማውጣት ትችላላችሁ፤ ጋዛቸው ተቀራራቢ ስለሚሆን ጣዕማቸውን በትክክል ታወዳድራላችሁ። ሽሮፑን ከመለካታችሁ በፊት ወደ 20 ዲግሪ አቀዝቅዙት፤ ትኩስ ሽሮፕ ሃይድሮሜትሩን ያሳስተዋል።

ጥንቅሽ የልቤ ነው። ልጦ፣ ቆራርጦ፣ በሙቀጫ ወቅጦ በንጹሕ ጨርቅ መጭመቅ ነው። ሥራ አለው፣ አልዋሽም። ጭማቂውን ሳታሳድሩ ወዲያው እሳት ላይ ጣዱት፤ ካደረ በራሱ መፍላት ይጀምራል። እሳቱ ላይ ሲንተከተክ አረንጓዴ አረፋ ይወጣዋል። እሱን በማንኪያ እየገፈፋችሁ ጣሉት፤ ካልተገፈፈ ሣር ሣር የሚል ጣዕም ይተዋል። የጭማቂው ጣፋጭነት ከአገዳ አገዳ ይለያያል። አንዱ 1.050 ያነባል፣ ሌላው 1.065። ቁም ነገሩ እየፈላ ተኖ 1.083 ላይ መድረሱ ነው። ትንሽ ስታርች ስላለው ቢራው በመጠኑ ሊደፈርስ ይችላል፤ እኔን አያስጨንቀኝም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእሸት ሽታ አለው። ነጣ ካለ፣ አሻሮ ካልበዛበት ቢራ ጋር ግሩም ነው።

ቴምር ረመዳን ሲቃረብ ገበያው ላይ ይበዛል። 100 ግራም ገደማ ቴምር ፍሬውን አውጥታችሁ ከትፉት፣ ውኃ ጨምራችሁ ቀቅሉት፣ በጨርቅ አጥልሉት። አተላው ውስጥ ገና ስኳር አለና በትንሽ ፍል ውኃ ድገሙት። ከዚያ 1.083 እስኪሆን አፍሉት። እናቴ በቴምር የተያዘውን ጠቆር ያለ ቢራ ቀምሳ «ይኼማ የድግስ ጠላ ይመስላል» አለችኝ። ከእሷ አፍ ይኼ ትልቅ ምስጋና ነው።

ማር 80 ግራም ያህል ይበቃል። ሰፈፉን አጥልሉ፣ በውኃ በጥብጡ፣ ጥቂት ደቂቃ አፍሉ። እንደ እውነቱ ከሆነ በዚህ መጠን ማሩ በምላስ ብዙም አይታወቅም። በዛሬ ዋጋ ማሩን ለጠጅ ብታስቀምጡት ይሻላል።

የአንዱን ረድፍ ጠርሙስ ግን በነጭ ስኳር አድርጉት፤ ማወዳደሪያ ይሆናችኋል። ቆርኪው ላይ በማርከር «ጥ»፣ «ቴ»፣ «ማ»፣ «ስ» ብላችሁ ጻፉ።

ስለ ደኅንነት። ቢራውን ሦስት ቀን አራርቃችሁ ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ሃይድሮሜትሩ ያው ቁጥር ካላነበበ ጠርሙስ ውስጥ እንዳትጨምሩ። ገና እየፈላ ያለ ጠላንም በዚህ መንገድ እንዳትሞክሩት፤ ምን ያህል ስኳር እንደቀረው አይታወቅም። ጠርሙሱ ስንጥቅ የሌለው የቢራ ጠርሙስ ይሁን። ከእያንዳንዱ ዓይነት አንዱን ደግሞ የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ሙሉት፤ የሽሮፑን መጠን እንደ ጠርሙሱ ይዘት አስተካክሉ፣ ለግማሽ ሊትር 15 ሚሊ ሊትር ነው። የውኃ ሃይላንድ ስስ ስለሆነ አይሆንም። ፕላስቲኩን በእጃችሁ ስትጫኑት ድንጋይ ሆኖ ካገኛችሁት ጋዙ ይዟል።

ቀን ቀን ሙቀቱ ይስማማል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ግን እርሾውን ያስተኛዋል። ጠርሙሶቹን በካርቶን አድርጌ አሮጌ ብርድ ልብስ እደርብባቸዋለሁ። ሁለት ሳምንት ይበቃል፤ በክረምት ሦስት ስጡት። ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ሌሊት ፍሪጅ ይደር፣ ስትቀዱም ጠርሙሱን ዘንበል አድርጋችሁ በዝግታ፤ ከታች የተኛውን እርሾ እዚያው ተዉት።