ጥፋቱ የጠመንጃው ነው ወይስ የአንተ?

ዒላማ ስትስት ቶሎ ጠመንጃውን አትውቀስ። መጀመሪያ ፈትሸው። ተኩስ ሜዳ ሄደህ አሸዋ በሞላ ከረጢት ላይ አስደግፈውና በ100 ሜትር ርቀት 5 ጥይት ተኩስ። ቀዳዳዎቹ 3 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከተሰበሰቡ መሣሪያው ምንም አልጎደለውም፤ ተሰብስበው ከመሃል ከራቁም ማነጣጠሪያውን ማስተካከል ብቻ ነው። በድጋፍም ከተበታተኑ ብሎኖቹን አጥብቅ፣ ሌላ ዓይነት ጥይት ሞክር።

ከዚያ ቆመህ ድገመው። አሁን ከተበታተኑ፣ እንግዲህ ወንድሜ፣ ችግሩ አንተው ጋ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ ጣት ናት፦ ምላጩን ቀስ ብለህ በመጫን ፈንታ ስትመነጭቀው ጥይቱ ሳይወጣ አፈሙዙ ይዞራል። ቤት ውስጥ በባዶ ጠመንጃ (ባዶ መሆኑን ሁለቴ አይተህ!) ተለማመድ። አፈሙዙ ላይ ሳንቲም አስቀምጥና ምላጩን ሳብ። ሳንቲሟ ከወደቀች ገና ነህ።