የስልክዎ ማሰራጫ ባትሪውን እንዳይጨርስ እንዴት ማድረግ ይቻላል?

ድሬዳዋ ላይ ስልክ ቶሎ ሲዘጋ ጥፋቱ በባትሪው ይላከካል፤ እርሱ ካልሆነ በሙቀቱ። የሚረሳው በስልኩ ማሰራጫ ውስጥ ያለው የሬዲዮ ሞገድ ማጉያ ነው። የኔትወርክ ማማው ሲርቅ ወይም ግድግዳ ሲጋርደው ስልኩ ለመሰማት «ድምፁን»፣ ማለትም የሚልከውን ሞገድ ኃይል፣ ከፍ ያደርጋል። ልኩን የሚወስነው ማማው ነው፤ በ3ጂ «ጨምር፣ ቀንስ» የሚለው ትእዛዝ በሰከንድ 1,500 ጊዜ ይላካል። የአብዛኛው የ4ጂ ስልክ የማሰራጫ ኃይል ጣሪያ 0.2 ዋት ነው። ያንስ ይመስላል፤ ነገር ግን ማጉያው ከባትሪው ከሚስበው ኃይል ብዙው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ይህን ኃይል የሚቀንስ ቁልፍ ስልክዎ ላይ አያገኙም። ማድረግ የሚቻለው ስልኩ ለማማው እንዳይጮህ መርዳት ነው።

በመጀመሪያ ሲግናሉን በቁጥር ይለኩ። ከላይ የሚታዩት መስመሮች ብዙም አይታመኑም። በአብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች «ቅንብሮች»፣ ከዚያ «ስለ ስልክ»፣ ከዚያ «የሲም ሁኔታ» ውስጥ ሲገቡ እንደ −95 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) ያለ ቁጥር ያገኛሉ። ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። በ4ጂ −85 መልካም ነው፤ −115 ከሆነ ስልኩ እየታገለ ነው።

ቀጥሎ ቦታ ይቀይሩ። ትልቁ ትርፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉት የድንጋይ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ስለሆነ ሞገዱን ይይዙታል። ከውስጠኛው ክፍል ወደ ግቢው ይውጡና ጥቂት ቆይተው ቁጥሩን እንደገና ያንብቡ። ከ−110 ወደ −100 ከመጣ ለውጡ 10 ዴሲቤል ነው፤ የሚያስፈልገው የማሰራጫ ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ሊወርድ ይችላል። 3 ዴሲቤል እንኳ ግማሽ ማለት ነው። ቁጥሩ የተሻለበትን ጥግ የስልኩ ማስቀመጫ ያድርጉት፤ ፀሐይ የሚመታው የመስኮት ደፍ ግን አይሁን፣ ሙቀት ባትሪ ያስረጃልና። የብረት መሸፈኛ ካለው ያውልቁለት።

ሦስተኛ፣ ቪዲዮና ፎቶ መላኪያ ጊዜዎን ይምረጡ። ማጉያው በብርቱ የሚሠራው ስንቀበል ሳይሆን ስንልክ ነው። ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመንገዱ ላይ ያለውን የደንገጎ ዳገት ሲወጡ ስልኩ በየጥምዝምዙ ማማ ይቀያይራል። የሠርግ ቪዲዮ ለመላክ ከዚህ የከፋ ቦታ የለም፤ ሐረር እስኪገቡ ይታገሡ። ኔትወርክ ጭራሽ በሌለበት ቦታ ስልኩ ፍለጋ ላይ እንዳይውል የአውሮፕላን ሁነታን ያብሩ።

አራተኛ፣ 4ጂ እየመጣ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆኑና 3ጂው የጸና ከሆነ ለጊዜው ወደ 3ጂ ያዙሩት። ወደ 2ጂ መውረድ ሁልጊዜ ቁጠባ አይደለም፤ በ900 ሜጋኸርዝ የ2ጂ ስልክ በአጭር በአጭሩ እስከ 2 ዋት ሊያሰራጭ ይችላል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ «የባትሪ አጠቃቀም» ውስጥ የሞባይል ኔትወርኩን ድርሻ ይመልከቱ። ሲግናሉ ጥሩ ሆኖ ድርሻውም ዝቅ ብሎ ስልኩ አሁንም ከቀትር በፊት የሚዘጋ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ባትሪውን ለጠጋኝ ያሳዩ።