ግራሩ ነው የሄደው ወይስ እኔ?

ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ተዳፋት ላይ የዕፅዋት መከታተያ ቦታዎች አሉን። በየወቅቱ አንድ ነጥብ ላይ ቆመን ያንኑ ቦታ ፎቶ እናነሳለን። ግራሩ አደገ? የወፍ ቆሎው ተስፋፋ? ሣሩ ሳሳ? ሲያዩት የልጅ ሥራ ይመስላል። ጉዱ የሚወጣው ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ነው።

ምልክት፦ ፎቶዎቹ አይገጥሙም

መንስኤው ባብዛኛው የቆማችሁበትን ቦታ መሳት ነው። የስልክ ጂፒኤስ ገላጣ ሜዳ ላይ እንኳ ጥቂት ሜትር ይስታል፤ ለዚህ ሥራ ግማሽ እርምጃም ብዙ ነው። እኔ ፌሮ ተክዬ ነበር። በሦስተኛው ወር ስመለስ የጠበቀችኝ ጉድጓዷ ብቻ ናት። ፌሮው ቁራሌው ጋ ሳይደርስ አልቀረም።

መፍትሄው የመጀመሪያውን ፎቶ አሳትሞ ይዞ መውጣት ነው። ፎቶው ላይ አንድ ቅርብ፣ አንድ ሩቅ ነገር ምረጡ። የኛ ቅርቡ የተሰነጠቀ ድንጋይ ነው፤ ሩቁ የአላሙራ ተራራ ጫፍ። በድሮው ፎቶ ጫፉ ልክ ከስንጥቁ በላይ ነው። አሁን ድንጋዩ ከጫፉ ወደ ግራ ሸሽቶ ከታያችሁ፣ እናንተ ወደ ቀኝ አልፋችኋል ማለት ነው። ስለዚህ ድንጋዩ የሸሸበትን ተከተሉ፣ ወደ ግራ፣ እስኪገጥም። ከዚያ በፎቶው ሌላ ጠርዝ ሌላ ጥንድ ፈልጉና ድገሙት። ሁለቱም ጥንዶች አንድ ላይ ከገጠሙ የድሮው ቦታ ላይ ቆማችኋል።

በዙም ላስገጥም ብላችሁ አትድከሙ። ዙም ቅርቡንም ሩቁንም እኩል ነው የሚያሳድገው፤ የቆማችሁበትን ቦታ አያስተካክልም። የካሜራውን ከፍታም አንድ አድርጉ። እኛ 1.5 ሜትር ላይ ምልክት ያለበት ዱላ ይዘን ነው የምንወጣው።

በ1860 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1868፣ የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት በመንገዱ የተነሱ ፎቶዎች አሉ። ተመራማሪዎች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ቦታዎቹን ከፎቶው ጋር እያመሳከሩ አገኟቸው። በብዙዎቹ ቦታዎች ዛፉ ከድሮው በዝቶ ነበር። ፌሮ ተክሎ የጠበቃቸው ሰው አልነበረም።

አዲስ ፌሮ ከተከላችሁ ግን ከመሬት እኩል ቅበሩት። የስልካችሁን ኮምፓስም እሱ አጠገብ አታንብቡ፤ ብረት ያሳስተዋል።

ምልክት፦ ዘንድሮ አረንጓዴው በዛ

ደስ ከማለታችሁ በፊት ቀኑን እዩ። የበልግ ዝናብ በጣለ ማግስት የተነሳን ፎቶ ከጥር ፎቶ ጋር ማወዳደር ልፋት ብቻ ነው። በአንድ ወቅት፣ በአንድ ሰዓት አንሱ።

ጥላም ጉድ ይሠራል። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ የቀትር ጥላ ታኅሣሥ ላይ ወደ ሰሜን፣ ሰኔ ላይ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ጥላውን ቁጥቋጦ ብሎ የቆጠረ ሰው አውቃለሁ። (እኔ ነኝ።) ደመናማ ቀን ከተገኘ እሰየው።

የስልኩ ካሜራ ደግሞ ቅጠልን ከራሱ ጨምሮ ማሳመር ይወዳል። ማሳመሪያውን አጥፉ። ጥግ ላይ ነጭ ሰሌዳ አቁሙ፤ ነጩ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ ቀለሙ ተዛብቷል።

ምልክት፦ ቁጥቋጦ አድጎ እይታውን ጋረደ

አትቁረጡ! የምትከታተሉት እኮ እሱን ነው። እይታው ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ በፊት ሁለተኛ ነጥብ ምረጡና ቢያንስ አንድ ዓመት ከሁለቱም አንሱ።

ምልክት፦ ሣሩ ስንት እጅ እንደሸፈነ አይታወቅም

ከጎን የተነሳ ፎቶ የፊቱን አግዝፎ የኋላውን ይደብቃል። 1 ሜትር በ1 ሜትር የእንጨት ፍሬም መሬት ላይ አስቀምጡና ቀጥ ብላችሁ ከላይ አንሱ።

ምልክት፦ መቼ እንደተነሳ ጠፋ

ፎቶውን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱም ይወርዳል፣ ቀኑም አብሮ ይጠፋል። እንደ ፋይል ላኩት። ሌላው ጣጣ አቆጣጠራችን ነው። ደብተሩ «መስከረም 20፣ ጠዋት 3 ሰዓት» ይላል፤ ስልኩ «ሴፕቴምበር 30፣ 9፡00»። አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ናቸው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ማን ያስታውሳል? እኔ አሁን ሁለቱንም ነጩ ሰሌዳ ላይ በወፍራም ማርከር ጽፌ ከፎቶው ጥግ አስገባዋለሁ።