የግቢ በር ሲቀባ የሚፈጸሙ ስህተቶች፦ ከጳጉሜን ጥድፊያ እስከ ቤት ቁጥሩ

ጳጉሜን በገባ ቁጥር በአዲስ አበባ ሰፈሮች የዘይት ቀለምና የቲነር ሽታ ይነግሣል። ዘመኑ ሲለወጥ በሩም አብሮ እንዲታደስለት የሚፈልገው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ለቀለም ሥራ እጅግ ከማይመቹት የዓመቱ ቀናት መካከል የሆኑት እነዚያ አምስት ወይም ስድስት ቀናት ቀለም ቀቢ ተፈልጎ የማይገኝባቸው ሆነው አርፈዋል። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት የላሜራ በሬን ያስቀባሁት ጳጉሜን 3 ቀን፣ ማለትም በሩፋኤል ዕለት ነበር፤ አገሩ ሁሉ ዝናብ በሚጠብቅበት፣ ልጆችም ዝናቡን ጠበል ነው ብለው ሊጠመቁበት በሚወጡበት ቀን። ለእንቁጣጣሽ እንግዶች በሩ መስታወት መስሎ ታየ። ኅዳር ሳይጋመስ ግን ከታች በኩል ውሃ መቋጠር ጀመረ፤ ከእብጠቶቹ አንዱን በጥፍሬ ስፈነቅለው ቡናማ ውሃ ጠብ አለ፣ የተላጠው ቀለም ጀርባም እንደ በርበሬ የላመ ዝገት ይዞ ተነሣ። በኋላ የጠራሁት አንድ በዕድሜ የገፉ ቀለም ቀቢ ዞር ዞር ብለው አዩትና «ጋሼ፣ ይህ በር ተቀባ እንጂ መቼ ተዘጋጀ!» አሉኝ። ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉንም በዚያ በር ላይ ፈጽሜአቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት የቀኑ ምርጫ ነው። የዘይት ቀለም ከብረት ጋር የሚጣበቀው ብረቱ ደረቅ ከሆነ ብቻ ሲሆን፣ ብረት ደግሞ ሌሊት ከአየሩ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ በዓይን በማይታይ ስስ ጤዛ ይሸፈናል። በሙያው የተለመደው መመዘኛ የአየሩ እርጥበት ከ85 በመቶ እንዳይበልጥ፣ የብረቱም ሙቀት ጤዛ ከሚፈጠርበት የሙቀት መጠን ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲልቅ ይጠይቃል። መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው ደግሞ በሩ ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጎ ሰዓቱን ይመልከት፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልደረቀ ብሩሹን መልሶ ያስቀምጥ። በአዲስ አበባ ዝናቡ ጋብ የሚለው በመስቀል ሰሞን ስለሆነ ሥራውን ከዚያ በኋላ ማድረግ የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ ዝናቡ አልፏል ብሎ በማለዳ መጀመርም አይገባም፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚያሰኘው ብርድ በበሩ ላይ የሚያሳድረው ጤዛ እስከ ረፋድ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ መጨረስ ይመረጣል፤ ከዚያ የዘገየ ቀለም በእጅ ሲነካ የማይለጠፍበት ደረጃ ላይ ሳይደርስ ፀሐይ ትጠልቅበትና ሌሊቱን ጤዛ ይወርድበታል፣ ማለዳም አንጸባራቂነቱ ጠፍቶ አመድ የነሰነሱበት መስሎ ይገኛል። ለበዓሉ የግድ የሆነ ነገር መደረግ ካለበት በሩን በሳሙና አጥቦ፣ ማጠፊያዎቹን ዘይት ቀብቶ እንግዳ መቀበል ይበቃል።

ሁለተኛውና በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ስህተት በዝገት ላይ መቀባት ነው። ብዙ ሰው አንቲረስት የተባለው የመጀመሪያ ደረጃ ቀለም ዝገትን የሚበላ መድኃኒት ይመስለዋል። አይደለም። ተራው አንቲረስት የሚከላከለው ንጹሕ ብረት እንዳይዝግ እንጂ የዛገውን መልሶ ብረት አያደርገውም። ዝገት ከተነሣበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ከቀለሙ ሥር እያበጠ ቀለሙን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በተከፈተው ስንጥቅ ውሃ ይገባል፣ ውሃው ደግሞ ሌላ ዝገት ይወልዳል። በመሆኑም የላላው ቀለምና ዝገት በመፋቂያና በሽቦ ብሩሽ መነሣት፣ ከዚያም ቦታው ቁጥሩ 80 በሆነ የብርጭቆ ወረቀት መፈተግ አለበት። በአሮጌው ጠንካራ ቀለምና በተራቆተው ብረት መካከል ያለው ጠርዝ ደግሞ በ120 ቁጥር ተፈትጎ ጣት ሲሄድበት እንቅፋት የማይሆን መሆን ይገባዋል፤ አለበለዚያ አዲሱ ቀለም የአሮጌውን ካርታ አጉልቶ ከማሳየት ሌላ ጥቅም የለውም። ፍተጋው ካለቀ በኋላ አቧራው ተጠርጎ ላዩ በቲነር በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል፤ በተለይ እጀታው አካባቢ የእጅ ቅባት፣ ማጠፊያው አካባቢ ደግሞ የሞተር ዘይት ስለማይጠፋ እዚያ ጨርቁን ደጋግሞ መቀየር ይገባል። የተራቆተ ብረት በእርጥብ አየር በአንድ ሌሊት ቀይ ሊል ስለሚችል አንቲረስቱ በዚያው ቀን መቀባት አለበት። ዛሬ ተፍቆ ለሳምንቱ መጨረሻ የተቀጠረ በር እንደገና መፈተጉ አይቀርም።

ዝገት ሁልጊዜ ከውጭ ይመጣል ብሎ ማሰብም ያሳስታል። የአብዛኞቹ የግቢ በሮቻችን አጽም ውስጡ ክፍት የሆነ ቱቦላሬ ሲሆን፣ ላሜራው በላዩ ላይ የሚበየደው ዳር ዳሩን በነጠብጣብ ነው። በሁለቱ መካከል በሚቀረው ቀጭን ክፍተትና ብየዳው በተወው ቀዳዳ የዝናብ ውሃ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ መውጫ ስለሌለው ታችኛው ቱቦላሬ ውስጥ ይተኛና ብረቱን ከሆዱ ይበላዋል። የእኔም በር ያበጠው እዚህ ላይ ነበር። ሽማግሌው ቀቢ የታችኛውን አግዳሚ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለው እየመቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዳመጡት፤ ጥሩው ክፍል ጥርት ብሎ ሲጮኽ የተበላው ድፍን ድምፅ ሰጠ። ከታች በኩል በሁለት ቦታ በስድስት ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ሲበሱት የወጣው ውሃ ቡና መስሎ ነበር። እነዚያ ቀዳዳዎች እንዲሁ ክፍት ቀርተው ማፍሰሻ ሆነዋል። ላሜራውና ቱቦላሬው የሚገናኙበት ክፍተት ደግሞ በአንቲረስት ከተቀባ በኋላ ቀለም በሚቀበል ማሸጊያ ተደፍኗል። በሲሊኮን መድፈን ግን አይገባም፤ ተራው ሲሊኮን ቀለም አይቀበልም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ስህተት ከተማው ሁሉ የሚያየው ነው፤ አንቲረስት ተቀብቶ ለዓመታት የሚተው በር። ቤቱ ገና አላለቀምና፣ ገንዘቡም ለጣሪያው ይፈለጋልና፣ ቀዩ ወይም ግራጫው አንቲረስት እንደ መጨረሻ ቀለም ሆኖ ክረምትና በጋ ይፈራረቁበታል። ይህ ቀለም የተሠራው ከላዩ ሌላ ቀለም እንዲይዝ በመሆኑ ለዝናብና ለፀሐይ የተጋለጠ ሆኖ ረጅም ጊዜ አይቆምም። አቅም ከሌለ በሩ የሚገጠምበትን ጊዜ ማዘግየት ወይም ቢያንስ አንድ ዙር የማጠናቀቂያ ቀለም መደረብ ይሻላል፤ ከአንቲረስቱ በታች የጀመረው ዝገት በኋላ የሚጠይቀው የፍተጋ ዋጋ ከአንድ ቆርቆሮ ቀለም ዋጋ ይበልጣል።

በሩ በዚንክ ከተለበጠ ቆርቆሮ የተሠራ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ተራ የዘይት ቀለም በቀጥታ ዚንክ ላይ ሲቀባ ዚንኩ ከቀለሙ ዘይት ጋር ይዋሐድና ሳሙና መሰል ስስ ንብርብር ይፈጥራል፤ ቀለሙም ከወራት በኋላ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በአንድ ቁራጭ ይነሣል። ለዚንክ የተዘጋጀ የመጀመሪያ ቀለም መጠየቅ ነው፤ ሻጩ «ሁሉም ያው ነው» ካለ ሌላ ሱቅ መሄድ ነው።

ስለማቅጠን ብዙ መባል አለበት፤ ብዙ ጥሩ ቀለም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ቀለሙ እንዲበረክት ሲባል ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። ነጭ ጋዝ ቀስ ብሎ የሚተንና ቅባትነት የሚተው ስለሆነ ቀለሙ ለቀናት እየተለጠፈ የሰፈሩን አቧራ ሁሉ ሲሰበስብ ይከርማል፤ ቤንዚን ደግሞ ቀለሙን ማበላሸቱ ሳያንስ እሳት ለመጥራት አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። በብሩሽ ለሚቀባ የዘይት ቀለም በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው የማቅጠኛ መጠን ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው፤ ይህም ለአንድ ሊትር ቀለም ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ያነሰ ማለት ነው። የማቅጠኛው ዓይነትም መጠንቀቅ ይጠይቃል። ለመኪና ቀለም የሚያገለግለው ኃይለኛ ቲነር አሮጌውን የዘይት ቀለም ከሥሩ አስነሥቶ እንደ ተቀቀለ ወተት ስልባቦት ያጨማድደዋል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በማይታይ ጥግ መሞከርና ማግሥቱን መመልከት ተገቢ ነው።

አንድ ጊዜ በወፍራሙ ቀብቶ መገላገልም የጥድፊያ ልጅ ነው። የዘይት ቀለም የሚደርቀው ቲነሩ በመትነኑ ብቻ ሳይሆን ከአየር ኦክሲጅን በመውሰድም ስለሆነ፣ ወፍራሙ ቀለም ከላይ ቆዳ አውጥቶ ከሥር ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል፤ ቆይቶም ይጨማደዳል ወይም ወደ ታች ይንጠባጠባል። ሁለት ስስ ዙሮች ያስፈልጋሉ፤ በመካከላቸውም ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 24 ሰዓት፣ ማለፍ አለበት። በቀትር ፀሐይ የጋለ ላሜራ ላይ መቀባት ተመሳሳይ ጉዳት ያመጣል፤ ቀለሙ ሳይለሰልስ ብሩሹ ሥር ስለሚደርቅ የብሩሹ መስመር እንደ እርሻ ትልም ይቀራል። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ በር ጠዋት ጥላ ያለው ከውስጥ በኩል ነው፤ ያን ጊዜ ውስጡን፣ ፀሐይዋ ስትዞር ውጭውን መቀባት ነው።

መጠኑን ሳያሰሉ መግዛትም ያስቸግራል። ስፋቱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.2 ሜትር የሆነ በር በአንድ ፊቱ 6.6 ካሬ ሜትር፣ በሁለቱ 13.2 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ የቱቦላሬውን ጎኖች ጨምሮ 15 ብለን ብንይዘው ለሁለት ዙር 30 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሊትር በአንድ ዙር ወደ 10 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን 3 ሊትር ይፈጃል። በሱቅ የተቀመመ ቀለም ከሆነ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግዛት ይገባል፤ ጎድሎ በሌላ ቀን የሚቀመመው ከፊተኛው ጋር ቁርጥ አንድ ይሆናል ብሎ መተማመን አይቻልም።

የእንጨት በር ያለው ሰው ከላይ ካለው አብዛኛውን መጠቀም ይችላል፤ አንድ የተለየ ስህተት ግን አለ። ፊትና ጀርባው አምሮ ሲቀባ የበሩ የላይና የታች ጠርዝ ስለማይታይ ይረሳል። እንጨት ውሃን በብዛት የሚጠጣው በተቆረጠው ጫፉ በኩል ስለሆነ፣ ይህ በር በክረምት አብጦ አልዘጋ ሲል ጥፋቱ የአናጺው ይመስላል። በሩን ከማጠፊያው አውርዶ ጠርዙን ሁለት ጊዜ መቀባት ነው።

አሮጌ በር በደረቁ መፈተግ ደግሞ ከውበት ያለፈ ጉዳይ ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት በተለይ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ የዘይት ቀለሞች እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ይጨመርባቸው ነበር፤ ብርቱካናማው የድሮ አንቲረስትም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚኖረው የእርሳስ መጠን ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 90 እጅ፣ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ደንቡ ግን ከእሱ በፊት የተቀባውን በር አያጸዳም። የእርሳስ አቧራ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ በሩን ውሃ እያስነኩ መፈተግ፣ ከሥሩ ላስቲክ ማንጠፍ፣ ልጆችን ማራቅ፣ አፍና አፍንጫንም መሸፈን ግዴታ ነው።

የቀሩት ትንንሽ ናቸው፤ የሚያበሳጩት ግን እነሱ ናቸው። ቁልፉንና እጀታውን በካቻቢቴ ፈትቶ ማውጣት ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ያልተፈታ ቁልፍ ጉድጓዱ ቀለም ጠጥቶ ባለቤቱን ማታ ደጅ ያሳድረዋል። የደወሉ መጫኛና የቤት ቁጥሩ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈኑ፤ የእኔ ቤት ቁጥር አረንጓዴው ሥር ተቀብሮ ከርሞ ዕቃ አመላላሽ ሁሉ ጎረቤቴን ሲያንኳኳ ነበር። በሩ ከመዝጊያው ጋር የሚነካካበት ጠርዝ ገና በጠዋቱ ቀድሞ ይቀባ፤ ሲመሽ በሩ መዘጋቱ የማይቀር ነውና። ዘይት ቀለም የጠጣ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል ተዘርግቶ ይድረቅ።

ቀለሙ በእጅ ሲነካ ቢደርቅም ጠንክሮ እስኪበቃ ሳምንታት ይወስዳልና እስከዚያ በዱቄት ሳሙና አይታጠብ። ከቆርቆሮው የተረፈችውን ክዳኑ በሚጠብቅ ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ቀድቶ የቀለሙን ቁጥርና ቀኑን ላዩ ላይ መጻፍ ነው፤ መኪና ሲገባ የሚጫረው ቦታ መቼም አይታጣም፣ ያም ዝገት ሳይቀድመው በዚያው ሳምንት መነካት አለበት።